ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ማር አይደለም

ወንድሜ፣
ባንኳኳ ባንኳኳ አልከፍት አልክ፤ ወረቀቱን በሽንት ቤቱ በር ሥር አሾልኬልሃለሁ።

የማሩ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ለከረመው የሆድ ድርቀቴ ሐኪም ያዘዘልኝ ሽሮፕ ነው።
እንግዶችህ እንዳይስቁብኝ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። በራሱ ብልቃጥ፣ ከነስሜ መተው ነበረብኝ።

አንተስ ሳትጠይቅ በሾርባ ማንኪያ ሻይ ውስጥ ትጨምራለህ? እኔ ባለቤቱ እንኳን በመለኪያው ነው የምወስደው፤ «አልሠራልኝም ብለህ በራስህ እንዳትጨምር» ተብያለሁ።

ውሃ ደጋግመህ ጠጣ። ተቅማጡ ካልቆመልህ ወይም ካዞረህ ክሊኒክ ሂድ፤ የጠጣኸውን ሳታፍር ንገራቸው። ማፈር ያመጣውን አይተሃል።

ስልክህ ላይ ሲደውሉ የነበሩት የእጮኛህ እናት ናቸው። ትናንት ማሩን ቢያወድሱልህ ግማሹን አሸክመሃቸዋል።
አንስቼ «ከእንግዲህ እንዳይቀምሱት» ብያቸዋለሁ።
ለምን እንደሆነ አንተ ንገራቸው።
የምታገባው አንተ ነህ።