ጆሯቸው ያላረፈው የአቶ አካለ ወልድ ፈንታ የሕይወት ታሪክ

አቶ አካለ ወልድ ፈንታ ከአባታቸው ከመሪጌታ ፈንታ ዘለቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ ገሠሠ፣ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር ጥር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ኪዳነ ማርያም ነኝ። ከትናንት ጀምሮ በድንኳኑ ውስጥ ስለ አሟሟታቸው የሚወራው ትክክል ስላልሆነና የሰው ስም ስላጠፋ፣ እስከ መጨረሻው እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው ዜማ ጀምረው ነበር። ጆሯቸው ስል ነበር፤ እግራቸው ግን አንድ ቦታ አልረጋም። በ1967 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገብተው ከዘመናዊ ትምህርታቸው ጎን ለጎን የመካኒክነት ሙያ ቀሰሙ። አባታችን «ልጄ ዲቁናውን በግራሶ ለወጠው» እያሉ ለዓመታት አኩርፈዋቸዋል። በ1975 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ፤ በዓመቱም ከወይዘሮ ማርያማዊት ዘመነ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ዘመንፈስቅዱስንና አርሴማን አፍርተዋል።

በተለይ የታወቁት የፒካፕ ክሮቸራ በመመርመር ነው። ክሮቸራ ከካምቢዮ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ ወደ ኋላ እግር ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ የሚያገጣጥም የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፈው፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው ከሥር ይገባሉ። ዘንጉን በሁለት እጃቸው ወዲያና ወዲህ ጠምዘዝ፣ ወደ ላይም ገፋ ያደርጉታል። ከኩሽኔታው ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ፣ ወይም መኪናው ሲነሣ «ኳ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ሌላ ምስክር አይፈልጉም ነበር።

ኅዳር 21 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ ሰው ጭኖ ወደ ጉንደ ወይን የሚሄድ ፒካፕ ከበራቸው ቆመ። ከሥር ገብተው በእጃቸው ነካክተው ክሮቸራው ማለቁን አወቁ። በበዓል ግን መፍቻ አይጨብጡም ነበርና ሹፌሩን «ነገ በጠዋት ና» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሹፌሩም ቀስ ብዬ እደርሳለሁ ብሎ ተነሣ። ቁልቁለት ላይ ዘንጉ ከፊት በኩል ተበጥሶ መሬት ወጋና መኪናው ተገለበጠ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የተባሉ የአራት ልጆች እናት በዚያው አረፉ።

የንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጥተው ፈቷቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን አልፈቱም። ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን የተጠራጠሩትን መኪና ቁልፉን ተቀብለው በኪሳቸው ይዘው ያድሩ ጀመር፤ ሹፌር ቢቆጣ፣ ቢለምን አይሰጡም። በቅዳሴ መካከል እንኳ የፒካፕ ድምፅ ሲሰሙ ወደ ቅጥሩ በር ይወጡ ነበር። ወይዘሮ ማርያማዊት «ኧረ እርስዎ ሰውዬ፣ ለእግዜር እንኳ ትንሽ ጆሮ ያስተርፉ!» ይሏቸው ነበር። እኔም በዚህ ጠባያቸው ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፤ አሁን መደበቅ አይገባኝም።

ላለፉት ሦስት ዓመታት የልብ ሕመም ሲያሠቃያቸው ቆየ። ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. እህታችንን ወይዘሮ ሥራነሽን ሊጠይቁ በተወለዱባት መንደር ሳሉ ጠናባቸው። የእህታችን ልጅ መሳፍንት በፒካፑ ጫናቸውና ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሣን። በመኪናው ሰባት ነበርን። ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረን፣ ከዋናው ቁልቁለት በፊት፣ ዓይናቸውን ገልጠው «መሳፍንት፣ አቁም። ሰው አውርድ» አሉት። አቆመ። እኔ ወርጄ «ምን ነካህ? ሊሞቱብን ነው፣ ንዳ!» ብዬ ጮኽኩበት። ወንድሜ ግን ቁልፉን ከመሳፍንት ተቀብለው በመዳፋቸው ጨበጡት።

በንዴት ከመኪናው ሥር ገባሁ። ዘንጉን ስነካው በእጄ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከክሮቸራው መስቀል ጫፎች አንዱ ከሚቀመጥበት ቀዳዳ ወጥቷል። ወንድሜ የሰሙት ይህንን ነበር። በዚያ ሁኔታ ቁልቁለቱን ብንጀምር ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። ጭር ባለው መንገድ ሌላ መኪና ስንጠብቅ አንድ ሰዓት ሄደ። ወንድሜም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ እንዳለ ዐረፉ። ቁልፉን ከእጃቸው ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በድንኳኑ ግን «መሳፍንት ባይቆም ኖሮ ይተርፉ ነበር» ተባለ። እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ብናገር ንዳ ያልኩት እኔ መሆኔ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ልጁ ከትናንት ጀምሮ ከድንኳኑ ውጭ ቆሟል፤ እህል አልቀመሰም። ጥፋቱ የእኔ ዝምታ ነው። ይቅር በሉኝ።

አቶ አካለ ወልድ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና እኔን ትተው በ66 ዓመታቸው ተለይተውናል። ከዚያ መኪና በእሳቸው ትእዛዝ የወረድን ስድስት ሰዎች ዛሬ በእግራችን ቆመን ልንቀብራቸው ነው። በሕይወታቸው ዕረፍት ያጣችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍልን።

መሳፍንት፣ ግባ ልጄ። አስከሬኑን ከፊት በኩል የምትሸከመው አንተ ነህ።