«ኑ እዩ!» ይሉ የነበሩት የሳንባ ሐኪም

የሥራ ባልደረቦቻቸው «ዶክተር ኑ እዩ» እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ እህታችን፣ ከአውቶቡስ ሹፌሩ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር ስለነበሩ እኛን ታናናሾቻቸውን አዝለውም ገሥጸውም አሳድገዋል። እናታችን «ይህች ልጅ አፏም እግሯም አያርፍ» ይሉ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በውስጥ ደዌ ሐኪምነት ከተመረቁ በኋላ፣ ጡረታ እስከወጡበት 2015 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ሆስፒታል አገልግለዋል። በ1984 ዓ.ም. ከሂሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2012 ዓ.ም. የሳንባ ቫይረስ ወረርሽኝ ሲገባ ክፍላቸው ትንፋሽ ባጠራቸው ሕሙማን ተጨናነቀ። ሲቲ ስካኑ ያለው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ኦክስጅን የተሰካለትን ሰው ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ደግሞ ለታማሚውም ለሚገፋውም አደጋ ነበር። እህታችን ከማዋለጃ ክፍል አልትራሳውንድ እያስገፉ መጡ። የራጅ ሐኪሙ ሳቁ፤ «ዶክተር፣ ሳንባ እኮ አየር ነው፤ ያረገዘ ሳንባ አገኙ እንዴ?»

«አየሩ ቦታውን ለውሃ ሲለቅ ነው የሚታየው፤ ኑ እዩ!» ብለው ክፍሉን በሙሉ ጠሩ። ከሳንባው ሽፋን ተነሥተው ቁልቁል የሚወርዱ ነጫጭ መስመሮች ስክሪኑን ሞሉት፤ የጤነኛ ሳንባ መስመሮች ግን አግድም ናቸው። መሣሪያው የቫይረሱን ስም አይናገርም፣ እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ሳንባው የት ጋ እንደተጎዳ፣ ከትናንት ዛሬ መባሱን ወይም መሻሉን ግን አልጋው ድረስ መጥቶ ይናገራል። የራጅ ሐኪሙም ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ የቅርብ አጋራቸው ሆኑ።

ክፉው ቀን በእሳቸውም ቤት ገባና መምህሩ ባለቤታቸው በዚያው ቫይረስ ታመው ሆስፒታል ተኙ። ጥቂት ሲቀላቸው «ደህና ነኝ፣ አታካብጂ፤ ቤቴ ልግባ» አሉ።

«አንተ ደህና ነኝ ትላለህ፤ ሳንባህ አይደለሁም ይላል። እኔ የማምነው እሱን ነው።»

መስመሮቹ በዝተው፣ ተያይዘው ስክሪኑ ነጥቶ ነበር። ኦክስጅኑ ተጨመረ፤ መምህሩም በሆዳቸው እንዲተኙ ተደረገ። ነገሩ በዚያው ቀን እየከፋ ሄደ፤ ወደ ቤት ቢሄዱ ኖሮ የሚደርስላቸው አልነበረም።

ከሰነበቱ በኋላ አንድ ረፋድ ነጮቹ መስመሮች ሳስተው፣ አግድሞቹ ተመልሰው ታዩ። «ኑ እዩ! ኑ እዩ!» ሲሉ ሰው የሞተ መስሏት በርግጋ የመጣች ነርስ ነበረች። የደረሰው ሁሉ አጨበጨበ። መምህሩ ግን «ሴትዮ፣ ደረቴን ለአገር ሁሉ አሳየሽው!» ብለው አንሶላቸውን ሳቡ። ቅጽል ስሙ የወጣው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞችንና ነርሶችን እየዞሩ አስተማሩ። በጉንፋን ወራት የሕፃናት ክፍል ገብተው፣ ሕፃኑ ከእናቱ እቅፍ ሳይወርድ ሳንባውን ሲያዩ የሚሰማቸው ደስታ ልዩ ነበር።

በመጨረሻ በጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። የቀድሞ ተማሪያቸው በአልትራሳውንድ ልታያቸው ስትመጣ እንኳ «እጅሽን አታስጨንቂው፣ ቀስ በይ። አሁን ምን ይታይሻል?» እያሉ ያስተምሯት ነበር። ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተው፣ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን ወንድሞቻቸውንና ትንፋሻቸው የተመለሰላቸውን ብዙዎች ትተዋል።

ለሰው ትንፋሽ ሲተጉ የኖሩትን እህታችንን፣ ትንፋሽን የሰጠ ፈጣሪ በሰላም ይቀበልልን፤ ለእኛም ብርታቱን ያድለን። አሜን።