ገመዱን አሁን የምይዘው ለማስተዋል ነው

ይሁኔዬ፣ የልጄ አባት፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትህን አውጥተን ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ተመለሰ። እኔ ግን እስካሁን ከሐይቁ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከቤት ወጥቼ ዛፍ ዛፉን አያለሁ። ፍርሃቴን ለእህቶቼ ብነግራቸው «ተይው፣ ልጅቷ ዛፍ መውጣቱ ይቅርባት» ነው የሚሉኝ። ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ታች ገመድ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ የምታውቅልኝ አንተ ብቻ ነህ።

ቤታችን እንዳለ ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠገንሁት። ጓሮ የተከልሃት ጌሾ አጥሩን አልፋ ጎረቤት ገብታለች። የሞተር መጋዝህን ሸጥሁት፤ ድምፁን መስማት ስላልቻልሁ ነው፣ እንዳትቀየመኝ። የዛፍ መውጫ ገመዶችህንና የወገብ ቀበቶህን ግን መሸጥ አልሆነልኝም። ማስተዋል ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስታጣ ከሳጥን አውጥታ ታጥባቸው፣ ታሰጣቸው ጀመር። ናፍቆት መስሎኝ ተውኋት። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የጎረቤት ግራቪሊያ ዛፍ ላይ ወጥታ አገኘኋት።

አልጮህሁም። ብጮህ ትደነግጣለች ብዬ አፌን በነጠላዬ ይዤ እስክትወርድ ቆምሁ። ከወረደች በኋላ ግን ያልተናገርሁት የለም። ገመዱን እየጠቀለለች ሰማችኝና፣ «እማዬ፣ ታች ሆነሽ ካልያዝሽልኝ ሌላ ሰው አስይዛለሁ» አለችኝ። ያንተ ልጅ ናት። ልጄን ሌላ ሰው ከሚይዝልኝ ብዬ እሺ አልሁ።

ሥራውን አንተን እያየች ነው የተማረችው። ሳትወጣ በፊት ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ ዙሪያውን ታንኳኳለች፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ንክች አታደርገውም። ሥሩ ላይ እንጉዳይ መብቀሉን ጎንበስ ብላ ታያለች። ቅርንጫፍ ስትቆርጥ መጀመሪያ ከታች በኩል የእጅ መጋዙን ትንሽ ታስገባለች፣ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገፎ እንዳይሄድ። አንዳንዴ ከታች ሳያት አንተን ያየሁ ይመስለኛል።

እኔንም ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ያን ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ስናወርድ፣ ገመዱን ሦስት ጊዜ አጠገቡ ባለ ዛፍ ግንድ ላይ ጠምጥመህ ጫፉን ሰጠኸኝና «ክብደቱን የሚይዘው ግንዱ ነው፣ አንቺ ቀስ ብለሽ መልቀቅ ብቻ ነው» አልኸኝ። አላመንሁህም ነበር። ትከሻህ ሲያምህም ወንዛዬ ወርደን ፍል ውኃው ዳር ተቀምጠን፣ የክንድህን ጠባሳ እያሳየኸኝ ይህ የግራር ነው፣ ይህ የዋንዛ ነው ትለኝ ነበር። የማንጎ ጠባሳ አልነበረህም።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ክረምቱ እንደገባ ወይዘሮ ከድጃ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ አስጠሩን። ሐይቁ ዳር ባለው ግቢያቸው ያለው ሾላ ትልቁ ቅርንጫፉ በዐውሎ ነፋስ ተሰንጥቆ ተከራዮች የሚያድሩበት ቤት ላይ አዘንብሏል። አንተ «ሾላ ሲያዩት ጎልማሳ፣ ሲደገፉት ቂጣ ነው» ትል ነበር። ማስተዋልን እንቢ በይ አልኋት። «ሰው ተኝቶበት ቢወድቅስ?» አለችኝ። ገመዱን አነሣሁ።

ተከራዮቹን አስወጣን። ግንዱን አንኳኳች፣ ደህና ድምፅ ሰጠ። በመሰላል እስከሚደርስበት ወጣች፤ ከዚያ በላይ ገመዷን ከፍ ካለ መንታ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፋ በቀበቶዋ ታስራ፣ አንዲት አጭር ትርፍ ገመድም ወገቧ ላይ ሰክታ ቀጠለች። የተሰነጠቀው ቅርንጫፍ የታሰረበትን ገመድ እኔ አጠገቡ ባለው ግራር ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ ያዝሁ። ከታች አስገባች፣ ከላይ ቆረጠች። ቅርንጫፉ ሲለቀቅ ገመዱ አቃሰተ፤ ቀስ ቀስ እያደረግሁ አንድ ቆርቆሮ ሳይነካ መሬት አሳረፍሁት። ወይዘሮ ከድጃ «ማሻአላህ» አሉ። እኔም ገመዱን ከግራሩ መፍታት ጀመርሁ።

ያኔ ነው ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማሁት። ስንጥቁ ካየነው በላይ ሄዶ ኖሯል። የተሰነጠቀው፣ የራሷ ገመድ የተንጠለጠለበት መንታ ነው።

ማስተዋል ግንዱን አቅፋ ደርቃ ቀረች። ይሁኔዬ፣ እኔ ያን ሰዓት ያየሁት አንተን ነው፤ እንደዚያ ቀን በጎንህ ተኝተህ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝና፣ «አጭሯ ገመድ ወገብሽ ላይ አለች። በሷ ከግንዱ ጋር ታሰሪ» አልኋት።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ እማዬ።»

«የኔም እየተንቀጠቀጠ ነው። ቀስ ብለሽ እሰሪ። አዲሱን ሳታስሪ አሮጌውን እንዳትፈቺ።»

አሰረች። ሁለት ጊዜ ሳበችው፣ ከዚያ አሮጌውን ፈታች። ብዙም አልቆየ፣ መንታው ተገምሶ ገመዱን ይዞ ወረደ፤ ግቢው በቅጠልና ከሾላው በሚፈስ ነጭ ወተት ተሞላ። እሷ አጭሯን ገመድ በግንዱ ላይ ዝቅ እያደረገች መሰላሉ ላይ ደረሰች። እግሯ መሬት ሲነካ እኔ ነኝ የወደቅሁት።

በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ «የአባዬ ገመድም እንዲህ በድንገት ነው የተበጠሰው?» አለችኝ።

ገመዱ ተበጠሰ ብዬ ለሰው ሁሉ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ለለቀስተኛው፣ ለወንድሞችህ፣ ለልጅህም። በሥራው የተከበረ ሰው ተዘናግቶ ሞተ እንዳይሉህ ብዬ ነው። አንተ ግን በወደቅህ ቀን ማንጎዋ አጭር ናት ብለህ ሳትታሰር ወጣህ። እኔም እያየሁ ታሰር አላልሁህም። ምሳ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ በል ነው ያልሁህ። ገመዱ ደህና እንደሆነ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሁሉንም ነገርኋት። ምሳውን ጭምር። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ስወጣ ሁልጊዜ የምፈራው ገመዱን ነበር። ላይ ሆኜ የደረቅሁት ለዚያ ነው። ገመድ ከሆነ አባዬን የከዳው፣ አጭሯም ትከዳኛለች ብዬ።»

ስምህን ልጠብቅ ብዬ ልጅህን ልገድላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን እያሰብሁ ከእንቅልፌ እባንናለሁ።

በሦስተኛው ቀን አዲስ ገመድ ይዘን ተመለስን። የተገመሰውን አጽድታ፣ ቁስሉን አስተካክላ ቆርጣ ጨረሰች። ሾላው ይተርፋል ትላለች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እኔን ግን ፍርሃቱ እስካሁን አልተወኝም። ይተወኛል ብዬም አልጠብቅም። እየፈራሁ እይዝላታለሁ።

አንተንም አልረሳህም። ግን ለቅሶ ላይ ያወራሁትን ሰው አይደለም የማስታውሰው። ሃያ ዓመት ሙሉ ታስሮ የወጣውን፣ አንድ ቀን ሳይታሰር የወጣውን፣ እኔም ቶሎ በል ያልሁትን ይሁኔን ነው። ልጅህ ልጅ ወልዳ አያቴ እንዴት ሞተ ብሎ ቢጠይቀኝ እንዲሁ እነግረዋለሁ።

ባለቤትህ
ጥሩዓለም