ሂጂ ያሉት ዘፈን

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ
መጋቢት 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሙደሲር፤ ሰላምታዬ ያለህበት ጅቡቲ ድረስ ይድረስህ። እኔም ልጃችን ሱሀይርም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ጤናችንን ነው።

ጅቡቲ በሚመላለሰው በጃፋር በኩል የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። «ልጄ ስለ እኔ ምን ታውቃለች?» ብለሃል። ሁለት ወር ሙሉ መልስ አልሰጠሁህም። ሞቷል ብያታለሁ። ለቀበሌ ያልኩትን ነው ለእሷም ያልኩት፤ ሰዎቹ አንተን ፍለጋ መመላለሳቸውን እንዲተዉ። ያኔ ሕፃን ነበረች። አፏን ስትፈታ ውሸቱ ቤት ውስጥ ቀድሟት ገብቶ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ቀበሌ አዳራሽ ቴሌቪዥን ልናይ ሄድን። ድራማ ነበር። ባልየው ሚስቱን ከነሻንጣዋ ከቤት አስወጣት። በሩ ተዘጋ። ከጀርባ ዘፈን መጣ። መጀመሪያ ሳክስፎኑ። ከዚያ አንተ።

የዘፈንህን ሸክላ የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ፍተሻ የመጣ ዕለት። ስብርባሪውን ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮም አላነሳው፣ እኔም በልቤ እንኳ አላዜምኩት። የት አገኙት?

ጎረቤታችን እትዬ በለጥሻቸው አጨበጨቡ። «ሂጂ ይላታል! እሰይ! ምላሷ ረዝሞ ነበር!» አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ አብሮ አዜመ፤ ሂጂ፣ ሂጂ እያለ። የድራማው ሰዎችም እንደዚያው ሰምተውት ይሆናል። ባይሆን እዚያ ቦታ ምን ሊሠራ?

ሱሀይር ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እማ፣ ሂጂ አይደለም የሚለው። ሐጄ ነው። አንቺን ነው የሚጠራው።»

እትዬ በለጥሻቸው ዞር አሉ። «ሐጀራ፣ ዘፋኙን ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም» አልኩ። ጮክ ብዬ። ማንም ጩኺ ሳይለኝ።

እስከ ቤት እጄን አልያዘችም። በራችን ላይ ስንደርስ፣ «ካላወቅሽው ለምን አለቀስሽ?» አለች። ማልቀሴን እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። አስገብቼ ነገርኳት። የአባቷ ድምፅ መሆኑን። በሕይወት መኖርህን። ለማንም መናገር እንደሌለባት።

ከዚያ፣

«ሞተ ማለትሽን እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ይኸው አሁን አወቅህ። ብትቆጣ ይገባሃል። ብቻ ዝም አትበለኝ።

አላህ ከሰው አገር ክፉ ይሰውርህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ የሚያስተኛ እንቅልፍ ይስጥህ። ጃፋር ነገ ይነሳል። የወረቀቱን ጀርባ ለሱሀይር ትቼላታለሁ፤ ለአባትሽ የፈለግሽውን ጻፊ ብያታለሁ። እርሳሱን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። እስካሁን ምንም አልጻፈችም። አሁን ቀና ብላ፣ «አንተ ነው የምለው እርስዎ?» አለችኝ።



ባለቤትህ
ሐጀራ