የሠልስቱ ፎቶ

ይድረስ ለልጄ ለሔራን። ድንግል በሄድሽበት ትከተልሽ፣ የሪያድ ሰው አይክፋብሽ። እኛ ደህና ነን፤ ወፉ አስቸገረን እንጂ ማሽላው አሽቷል። ጉልበቴም ተሽሎኛል።

በስልክ ልነግርሽ እያልኩ ንዴቱ ስለሚያንቀኝ ነው የጻፍኩልሽ። ወንድምሽ አላምረውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሪያቸው አድርገው ሲመርጡት እልል ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ገና ሳይመረቅ ለፓርላማ እየተወዳደረ ነው። ይሁን፤ ለሕዝብ መቆምን ማን ይጠላል?

ባለፈው እሑድ ግን ሮቢት ሄደን የውዱ ባል ሠልስት ላይ ተቀምጠን ሳለ ፎቶ አንሺ አስከትሎ ገባ። ውዱን አቅፎ ጮኸ። እንባ ግን ጠብ አላለውም። ፎቶ አንሺው "ጨልሟል" ቢለው፣ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰችውን ሴት "እትዬ ውዱ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉልኝና እንደገና ያልቅሱ" አላት። ዞረችለት፣ ምስኪን! ይሄን ነው ጡቴን ያጠባሁት? ቆቦ በሙሉ ቢመርጠው እኔ አልመርጠውም።

ትናንት የጎረቤታችን ልጅ ራሔል ያንን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ከሥሩ "የኛ ኩራት" ብለሽ ጽፈሻል፤ ልብም አድርገሽበታል። አልፈርድብሽም፤ አልነበርሽም። ግን እባክሽ የኔ ልጅ፣ አጥፊልኝ። ከውዱ ጀርባ ፊቷን በነጠላ የሸፈነችው ሴት እኔ ነኝ። በለቅሶ እንዳይመስልሽ።

በወለድሽው ከማፈር ይሰውርሽ።

እናትሽ በላይነሽ