«በየወሩ» ብዬ የሞላሁት ቀጠሮ

ጥር 17 ቀን 2006
ሱቅ ከፈትኩ። ፎቶ ኮፒው አቧራ ጠጥቶ ያስነጥሳል... ልክ እንደ አሠሪዬ እንደ ጋሽ ሃሩን።
ከጅዳ ባመጣው ላፕቶፕ የምተይብበት ፕሮግራም ቀጠሮ መያዣ አለው። ጠዋት ስከፍተው የዕለቱን ሥራ ይዘረዝራል። ዛሬ «ለእናኑ ደውዪ፣ የባሏ ኪኒን» አለኝ። የባሏ የአብዱራህማን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚሰጠው የሠላሳ ቀን ነው። ማንበብ ስለማይችሉ እኛ እናስታውሳቸዋለን። ደወልኩ።
«ውይ በለጤ! ትናንት እኮ ሳይወስድ ዋለ!»
የሐኪም ቤት ካርዳቸው ኮፒ እኛ ጋ አለ። መድኃኒት የሚወስዱበት ቀን 16 ይላል። ታዲያ ይሄ ደንቆሮ ላፕቶፕ ለምን በ17?

ጥር 18
«አንቺ ነሽ የነካካሽው» አለ ጋሽ ሃሩን።
«ወላሂ አልነካሁም!»
«ወላሂሽን ተይው። ሁለተኛ ቀጠሮውን እንዳትነኪ!»
እርግጥ ነው፣ አንዴ «ዛሬ ሃሩን ይገረዛል» ብዬ ሞልቼ ደንበኛ ፊት ብቅ ብሏል... እሱ ሌላ! ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሁሉ ቀጣፊ ነው?

የካቲት 18
ላፕቶፑ ዛሬ አስታወሰኝ። በ18! ሁለት ቀን አሳልፎ!
እናኑ ስልኩን ስታነሳ ታለቅሳለች። «የናንተን ስልክ ስንጠብቅ... ትናንት እሳት ዳር ወደቀ። ክንዱ ተቃጠለ።»
ጋሽ ሃሩን አልጮኸም። «በሰው ነፍስም ትቀልጃለሽ?» አለኝ። ብቻ። ቢመታኝ ይሻል ነበር። ላፕቶፑን አንስቼ አናቱ ላይ ብከሰክስበት!

የካቲት 19
ሃሩን የቀትሩን ዙሁር ሊሰግድ ሲሄድ ቀጠሮውን ከፈትኩት። ከለከለኝ እንጂ እጄን አላሰረኝም። አጥፍቼ አበራሁ። ሰዓቱን አየሁ፣ ልክ ነው። ቀኑም ልክ ነው። የሚቀጥለውን ወር ገለጥኩ... መጋቢት 16። አሥራ ስድስት! አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ ከዚያ ተመልሶ አሥራ ስድስት? ያላግጥብኛል? እኔ ላይ?

የካቲት 20
የግድግዳውን ካላንደር አወረድኩ፣ የኛም የፈረንጅም ቀን ያለበትን። በእርሳስ ከበብኩ። ለካ በፈረንጅ ሁሌም 25 ነው! ጃንዋሪ 25፣ ፌብሩዋሪ 25፣ ማርች 25። ማሽኑ ቀኑን በኛ ያሳያል እንጂ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። የኛ ሠላሳ፣ የእነሱ አንዴ ሠላሳ አንድ፣ አንዴ ሃያ ስምንት።
ታኅሣሥ ላይ «በየስንት ጊዜ ይደገም?» ሲለኝ «በየወሩ» ያልኩት ማን ነው? እኔ። «በየሠላሳ ቀኑ» ማለት ነበረብኝ።
ወር ሙሉ ሰው ስሳደብ... እኔው ነኝ እንዴ?

የካቲት 21
ለጋሽ ሃሩን ካላንደሩን ዘርግቼ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ አየው። «ቀልድ አይደለም?» አለ። «አይደለም። ስህተት ነው። የእኔ።»
«ለእናኑም ንገሪያት። በስልክ አይደለም።»
ሁለት ሰዓት በእግር ሄድኩ። አብዱራህማን ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ በሩ ላይ ተቀምጧል። ነገርኳቸው። እሱ «ከአላህ ነው» አለ። እናኑ ግን ውሃ እንኳ አላቀረበችልኝም። መንገዱን ሙሉ ተናደድኩ... በማን እንደሆነ እንጃ።

መጋቢት 16
ባልና ሚስቱ በበቅሎ መጡ። እናኑ ላፕቶፑን በጥርጣሬ እያየች፣ «ዛሬ ነው? ልክ ነው?»
«ልክ ነው እታለም። በየሠላሳ ቀኑ አድርጌዋለሁ። በጣቴም ቆጥሬያለሁ።»
ዞር ብላ ጋሽ ሃሩንን ጠየቀችው። «እውነቷን ነው?»
ምላሴ ጫፍ ላይ መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ፣ የሚያስቅ። ዋጥኩት። እሱ ካላንደሩ ላይ ሠላሳውን ቀን ቆጥሮ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ።