እናትሽና ኤሲው

ለማትደውለዋ የእህቴ ልጅ ሩሐማ፤ ሰላምታዬ ከስልክሽ ቀድሞ ቺካጎ ይድረስሽ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

የከተማችን የማኪኒ ወበቅ ሳይመጣ ኤሲውን አሰናዳሁ። ፊልትሩን ቀየርኩ፤ ውሃው የሚወጣበትን ቱቦ በኮምጣጤ አጠብኩ። ቴክኒሻን ጥራ እንዳትይኝ፤ ዩቲዩብ አስመርቆኛል።

በየዓመቱ እኔ ቤቱን ሳቀዘቅዘው እናትሽ «አንተ ቀበጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከተትከኝ!» እያለች ታሞቀው አልነበር? ዘንድሮም ላናድዳት ብዬ ስልሳ አምስት ፋራናይት ላይ አደረግሁት። ከተኛችበት ሳትነሳ ጋቢዋን ሳብ አድርጋ «እንዳሻህ፣ ወንድሜ» አለችኝ። ወንድሜ ስትለኝ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ተነስቼ ራሴው ወደ ሰባ ስምንት መለስኩት።

ለነሐሴ የቆረጥሽውን ትኬት ወደ ሰኔ ብታመጪው ጥሩ ነው፤ ነሐሴ ላይ ሙቀቱ አይቻልም።

በደህና ያገናኘን።

አጎትሽ ነቢዩ